ያ የተጻፈው የት ገባ?

ጥያቄውን የሰማሁት መኪና ውስጥ ነው። መስማት የነበረብኝ ግን ከሁለት ሰዓት በፊት፣ ከሽማግሌው አፍ፣ እዚያው ዛፉ ሥር ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ፍለጋ በምዞርበት ሰሞን ነው። አንድ ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ይፈልጋል ተባለና ተመዘገብኩ። ምድቤ ደቡብ ኦሞ ሆነ። ሃያ ቀን፣ ደህና አበል፣ አሥራ አራት ገጽ መጠይቅ። መጠይቁ የቤተሰቡን ቁጥር ይጠይቃል፣ ከብቱን ያስቆጥራል፣ ልጆቹ ስንተኛ ክፍል እንደደረሱ ይጠይቃል። ጥያቄ 27 ላይ ሲደርስ «ውሃ ለመቅዳት ደርሶ መልስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ይላል።

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ረጅም ነገር ተናገሩ። በዱላቸው ጫፍ አፈሩን እየጫሩ፣ አንዴ ወደ ወንዙ፣ አንዴ ወደ እኔ ወረቀት እየጠቆሙ። አስተርጓሚያችን የአካባቢው ልጅ ነው፣ አስተማሪ። ፈገግ አለና «ሩቅ ነው ነው የሚሉት፤ ሦስት ሰዓት ብለህ ጻፍ» አለኝ። 3 ብዬ ጻፍኩ። ወደ 28 አለፍን።

ማታ ወደ ጂንካ ስንመለስ አስተርጓሚው ዝም ብሎ ቆየና «አንድ ነገር ልንገርህ?» አለኝ። «ሽማግሌው ያሉት ያን ብቻ አልነበረም።»

«ምን አሉ?»

«‹ይህን ባለፈው የመጡትም ጠይቀውናል፤ ጽፈዋል። ከእነሱ በፊት የመጡትም ጽፈዋል። ውሃው ግን አልቀረበም። ያ የተጻፈው የት ገባ?› ነው ያሉት።»

«ታዲያ ለምን ያኔ አልነገርከኝም?»

«እንግዳ ናችሁ። አፈርኩ።»

መልስ አልሰጠሁትም። የት እንደሚገባ ግን አውቅ ነበር። ከተማ ስንመለስ ቁጥሩ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ፣ ወረቀቱ ካርቶን ውስጥ ገባ፣ እኔ አበሌን ተቀበልኩ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ሲባል ሰምቼ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ አምንበትም ነበር። እኚያ ሽማግሌ ግን በቃል ያለውን አልረሱትም። ማን መቼ እንደመጣ፣ ምን እንደጠየቃቸው ያስታውሳሉ። የረሳነው የጻፍነው ነን።

ከዓመታት በኋላ ስለ አንድ ብራዚላዊ ማንበብ ጀመርኩ። ዳርሲ ሪቤይሮ ይባላል። አንትሮፖሎጂስት፣ ሚኒስትር፣ ስደተኛ፣ ምክትል ገዥ፣ ሴናተር፣ ሁሉንም ሆኗል። ብዙ ሰው የሚያነሳው ፖለቲካውን ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። ደብተር ይዞ ሰው ቤት የገባ ሰው፣ ደብተሩን ከዘጋ በኋላ ምን ማድረግ አለበት? ዳርሲን ሳነብ የሽማግሌው ጥያቄ አብሮኝ ነበር።

## ለሚስቱ የተጻፈ ደብተር

ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ዳርሲ የተወለደው በ1922 ሞንቴስ ክላሮስ በምትባል የሚናስ ዤራይስ ከተማ ነው። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ሞቱ፤ አስተማሪ እናቱ አሳደጉት። ሕክምና ጀምሮ አቋረጠ። ሳኦ ፓውሎ ሄዶ ማኅበራዊ ሳይንስ ተማረና በ1946 ተመረቀ። በዓመቱ የብራዚል መንግሥት የነባር ሕዝቦች ጥበቃ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀጠረ። ነባር የምለው አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት እዚያ ይኖሩ የነበሩትን ነው።

ይህን መሥሪያ ቤት በ1910 ያቋቋመው ካንዲዶ ሮንዶን የሚባል የጦር መኮንን ነው። በጫካ ውስጥ የቴሌግራፍ መስመር ሲዘረጋ የኖረ፣ በእናቱ በኩል ራሱ ከነባሮቹ የሚወለድ ሰው። ለሠራተኞቹ የሰጠው መመሪያ አጭር ነበር፦ ካስፈለገ ሙት፤ መግደል ግን በፍጹም። ይህን ሳነብ ቆም ብዬ ነበር። ወታደር ሆኖ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሚሰጥ ስንት ሰው አለ? ዳርሲ ሮንዶንን እንደ አባት ነበር የሚያየው።

መጀመሪያ የሄደው ካዲዌኡ ወደሚባሉት ሕዝቦች ነው። ተረታቸውን ሰበሰበ፣ ሴቶቹ በቆዳና በሸክላ ላይ የሚስሉትን ሥዕል አጠና። በ1949 መጨረሻ ደግሞ ወደ ካአፖር ሄደ። እነዚህ በማራኛውና በፓራ ግዛቶች ወሰን ላይ ባለው ጫካ የሚኖሩ ናቸው። ከመንግሥት ጋር ሰላም ካወረዱ ገና ሃያ ዓመት ቢሆናቸው ነው።

እዚያ ያየውን በየቀኑ ይጽፋል። የሚጽፈው ግን ለመሥሪያ ቤቱ በሚቀርብ ሪፖርት መልክ አልነበረም። ለሚስቱ ለቤርታ በደብዳቤ መልክ ነበር። ቤርታ ራሷ ልጅ ሳለች ከሩማንያ የመጣች ስደተኛ ናት፤ በኋላ የነባሮቹን የላባ ጥበብና የቅርጫት ሥራ በማጥናት በአገሪቱ ስሟ የሚጠራ ተመራማሪ ሆናለች። እኔ ይህን ነገር ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ለምትወደው ሰው ስትጽፍ «ደርሶ መልስ 3» ብለህ አታልፍም። ዱላውን ትጽፋለህ፤ አፈሩን ትጽፋለህ።

ዳርሲ ከካአፖር አለቆች አንዱን፣ አናካምፑኩ የሚባለውን፣ በሕይወቱ ካገኛቸው ትልልቅ አዋቂዎች መካከል ይቆጥረዋል። ሰውየው ቅድመ አያቶቹን እየጠራ የዘር ሐረጉን ሲቆጥር ዳርሲ ቁጭ ብሎ ይጽፋል፣ ደብተሩ ይሞላል። ሰባት ቤት መቁጠር የሚችል አያት ያለው ሰው ይህ ምን ያህል ዕውቀት እንደሆነ ይገባዋል።

## እሳቱን የሚያቆዩት ልጆች

የዳርሲ ሕይወት የዞረው እዚህ ጋ ይመስለኛል። እሱ ራሱ እንዲህ ብሎ አልተናገረም፤ የእኔ ንባብ ነው።

ወደ ካአፖር ሲደርስ ኩፍኝ ቀድሞት ገብቶ ነበር። እኛ ኩፍኝን የልጆች በሽታ አድርገን ነው የምናውቀው። በዘር ሐረጉ አይቶት የማያውቅ ሕዝብ ውስጥ ሲገባ ግን ትልቅ ትንሽ አይልም፤ መንደሩን በአንድ ሳምንት ያጋድመዋል። የሚያስታምም አይተርፍም።

ካአፖሮቹ በሽታውን መንደር እንደሚያጠቃ መንፈስ ነበር ያዩት። ርቀን ከሸሸን እዚያው ይቀራል አሉ። ስለዚህ ቤታቸውን ጥለው ጫካ ገቡ፣ በሽታው ግን በገላቸው ውስጥ ነበር። ዳርሲ ያገኛቸው በቅጠል ዳስ ሥር፣ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቀባቸው፣ በትኩሳት ሲንቀጠቀጡ ነው። ምግቡ አለ፤ ማሳቸው ላይ። ሄዶ የሚያመጣ ጉልበት ያለው ሰው ግን የለም። ውሃ እንኳ የሚቀዳ የለም። ከሞቱት ውስጥ በበሽታው የሞተውንና በረሃብና በጥም የሞተውን መለየት አይቻልም ነበር።

ከጻፋቸው ነገሮች ሁሉ አንዱ ከአእምሮዬ አልወጣም። የታመሙ ልጆች መሬት ለመሬት እየዳሁ፣ በዝናብ ውስጥ እሳቱ እንዳይጠፋ ይሞክራሉ። አባቶቻቸው ተኝተው በትኩሳት ይነዳሉ። እናቶቻቸው ራሳቸውን ስተው፣ ሊጠባ የተጠጋውን ሕፃን ይገፋሉ።

እዚህ ገጽ ላይ ሁልጊዜ ራሴን እጠይቃለሁ። አንተ ብትሆን ኖሮ ምን ታደርግ ነበር? የመጣኸው ተረት ልትሰበስብ ነው። የዘመድ ስያሜ ልትመዘግብ ነው። እጅህ ላይ ያለው ደብተር ነው። ሕክምናውን ደግሞ አቋርጠኸዋል። መጻፍህን ታቆማለህ? ትቀጥላለህ?

ቀጠለ። በዚያ ጉዞም ጻፈ፣ በ1951 ተመልሶ ሄዶም ጻፈ። ከዚያ ያየውን ወደ ቁጥር ለወጠው። በ1956 በሽታ ከውጭ ሰው ጋር ሲመጣ ሕዝብን እንዴት እንደሚያፈርስ የሚያሳይ ጥናት አወጣ። በ1957 ደግሞ ቆጠራውን አቀረበ። በ1900 ብራዚል ውስጥ ከሚታወቁት 230 ነባር ሕዝቦች 87ቱ አልቀዋል። ሃምሳ ሰባት ዓመት፣ ሰማንያ ሰባት ሕዝብ። የቀሩት ሰዎች በድምሩ ከ68,100 እስከ 99,700 እንደሚሆኑ ገመተ።

ይህ ቁጥር ከእኔ «3» የሚለየው በምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ሁለቱም ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነው። ልዩነቱ፣ ዳርሲ ቁጥሩን ካስረከበ በኋላ ወደ ቤቱ አለመሄዱ ነው። ቁጥሩን ተሸክሞ የባለሥልጣን በር ማንኳኳት ጀመረ።

## ከደብተር ወደ ቢሮ

በሩን ማንኳኳት የጀመረው እንዲያውም ከቆጠራው በፊት ነው። በ1952 ከነባሮቹ ጋር ይሠሩ ከነበሩት ከቪላስ ቦአስ ወንድማማቾች ጋር ሆነው በሺንጉ ወንዝ ዙሪያ ሰፊ መሬት ለነባሮቹ እንዲከለል ለመንግሥት ሐሳብ አቀረቡ። በ1953 ሪዮ ዴ ዣኔሮ ውስጥ የነባሮቹን ሙዚየም አቋቋመ። ሙዚየሙ የሞተ ዕቃ ማሳያ እንዲሆን አልነበረም ሐሳቡ፤ የከተማው ሰው ስለ ነባሮቹ ያለውን ንቀት እንዲያፈርስለት ነው።

የሺንጉው ፓርክ በ1961 በፕሬዚዳንት ዣኒዮ ኳድሮስ ድንጋጌ ጸደቀ። ከታሰበው በጣም አንሶ ነው የጸደቀው። ሆኖም ዛሬ ከ26,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ 16 ሕዝቦች ይኖሩበታል። ዙሪያው በአኩሪ አተር እርሻ ተከቧል፣ የወንዞቹ ምንጮችም ከድንበሩ ውጭ ቀርተዋል። ቢሆንም ጫካው አለ።

የቀረውን ቶሎ ልለፈው፤ ፖለቲካውን ማንም ያገኘዋል። የብራዚሊያ ዩኒቨርሲቲን አቋቁሞ የመጀመሪያው ሬክተር ሆነ። የትምህርት ሚኒስትር፣ ከዚያም የፕሬዚዳንት ዦአዎ ጉላርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆነ። በ1964 ወታደሮቹ መፈንቅለ መንግሥት አደረጉ፤ ተሰደደ። ኡራጓይ ገባ። በ1968 ተመልሶ ታሰረ። ተፈትቶ እንደገና ተሰደደ፤ ቬንዙዌላ፣ ቺሊ፣ ፔሩ። በ1974 የሳንባ ካንሰር ያዘው። እንደገና አገሩ ገባ፣ በ1980ዎቹ የሪዮ ምክትል ገዥ ሆነና ድሃ ልጆች ቀኑን ሙሉ የሚውሉባቸው፣ የሚበሉባቸው፣ የሚታጠቡባቸው ወደ 500 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች አስጀመረ። በ1991 ሴናተር ሆነ።

በዚህ ሁሉ መሀል አንድ የሚያም ነገር አለ። ያ ሮንዶን «መግደል በፍጹም» ብሎ ያቋቋመው መሥሪያ ቤት ምን ሆነ? በ1967 ፊጌሬዶ የሚባል ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤቱን እንዲመረምር ታዘዘ። ወደ 7,000 ገጽ የሚጠጋ ሰነድ ተጠራቀመ። ግድያ፣ ድብደባ፣ የጉልበት ብዝበዛ፣ የመሬት ዝርፊያ፤ ጠባቂ የተባሉት ሠራተኞች እጃቸው ያለበት። መሥሪያ ቤቱ ፈረሰ። ሰነዱ ግን ጠፋ። ተቃጥሏል ተባለ።

አልተቃጠለም ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2013 ለሕዝብ ወጣ። የተገኘው የት እንደሆነ ሳነብ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሪዮ፣ በነባሮቹ ሙዚየም ውስጥ፣ ሳጥኖች ውስጥ። ዳርሲ ባቋቋመው ቤት።

ያ የተጻፈው የት ገባ? እዚያ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ነባሮቹ ያለ ሰነዱም ያውቁት ነበር።

## ቴፕ የያዘው ሰው

ዳርሲን እወደዋለሁ። ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ዳርሲ በነባሮቹ ስም ተናገረ፣ በነባሮቹ ስም ጻፈ፣ በነባሮቹ ስም ተከራከረ። እሱ የሠራበት ሥርዓት ግን እነሱን በሕግ እንደ ልጅ የሚቆጥር ነበር፤ ሞግዚታቸው መንግሥት ነው። ጥሩ ሞግዚትም ቢሆን ሞግዚት ነው። ይህን የተገነዘበ የሚመስለኝ ማሪዮ ዡሩናን ሲያገኝ ነው።

ዡሩና ሻቫንቴ ከሚባሉት ነባሮች አለቆች አንዱ ነበር። በ1970ዎቹ ስለ መሬታቸው አቤት ለማለት ዋና ከተማ ይመላለስ ነበር። ባለሥልጣኑ ይስቃል፣ ቡና ያስቀርባል፣ ቃል ይገባል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲሄድ ቃሉ የለም። ስለዚህ ዡሩና የቴፕ መቅረጫ ገዛ። ቢሮ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠውና ያበራዋል። የሚባለውን ሁሉ ይቀዳል። ጋዜጠኞች ሲጠይቁት ነጮች የተናገሩትን ስለሚክዱ ነው የሚል መልስ ነበረው።

ይህን ምስል አስቡት እስኪ። ዕድሜ ልኩን የተጻፈበት፣ የተለካ፣ ፎቶ የተነሳ ሕዝብ፤ አሁን እሱ ራሱ መቅረጫውን አብርቶ ቁጭ ብሏል። መላሹ ሚኒስትሩ ነው።

በ1980 ሮተርዳም ላይ ስለ ነባር ሕዝቦች በተቀመጠው የራስል ችሎት፣ መንግሥታዊ ባልሆነ የሰብአዊ መብት ችሎት፣ እንዲገኝ ተጠራ። መንግሥት መውጫ ከለከለው፤ ሞግዚቱ ነዋ። በፍርድ ቤት ተፈቅዶለት ሄደ። በ1982 የእነ ዳርሲ ፓርቲ ለምክር ቤት አቀረበው፤ ከሪዮ ተመረጠ። በብራዚል ታሪክ የመጀመሪያው ነባር የፌዴራል ምክር ቤት አባል እሱ ነው። ሁለተኛዋ ዦኤኒያ ዋፒሻና ናት፤ የተመረጠችው በ2018 ነው። መሀሉ ሠላሳ ስድስት ዓመት።

ምናልባት ዳርሲ ለሽማግሌው ጥያቄ የሰጠው ትክክለኛ መልስ ይህ ይመስለኛል፤ ከመጻሕፍቱም ከሙዚየሙም በላይ። አንድ ወንበር ለቆ፣ ቴፕ የያዘውን ሰው ማስቀመጥ።

መጨረሻው አካባቢ ታሞ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባ። መሞቱ አልነበረም ያስፈራው፤ ስለ ብራዚል ሕዝብ አፈጣጠር ሲጽፈው የኖረው መጽሐፍ አለማለቁ ነው። ከሆስፒታሉ አመለጠ። ማሪካ ወደሚባል የባሕር ዳር ቤቱ ሄዶ ጨረሰው፤ በ1995 ታተመ። በዓመቱ ደግሞ ለቤርታ የጻፋቸው የካአፖር ደብተሮች ታተሙ። ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በየካቲት 1997 አረፈ።

በሕይወት ሳለ የሞከርኩት ሁሉ አልተሳካልኝም ይል ነበር። ልጆቹን ፊደል ላስቆጥር ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ነባሮቹን ላድን ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ግን ያሸነፉኝን ሰዎች መሆን አልመኝም ይላል። እዚህ ላይ ከእሱ ጋር አልስማማም። በወጣትነቱ ነባሮቹ እየጠፉ መሆናቸውን ያምን ነበር፤ ቁጥሩም ያን ይመስል ነበር። በ2022 የብራዚል ቆጠራ ግን ወደ 1.7 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ነባር ነኝ ብሏል። የአቆጣጠሩ ዘዴ መለወጡም ቁጥሩን ከፍ አድርጎታል። ቢሆንም «ነኝ» ያለው ሰውየው ራሱ ነው። ሺንጉ ባይከለል፣ የ1957ቱ ቁጥር ባይጻፍ፣ ከእነዚህ ስንቱ «ነኝ» ለማለት ይተርፍ ነበር?

## ጥያቄ 27

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ የዚያን ጥናት ሪፖርት ፍለጋ ጀመርኩ። አብሮን የሠራ ልጅ ኮምፒውተሩ ውስጥ አገኘልኝ። ሰማንያ ስድስት ገጽ ነው፤ በእንግሊዝኛ። የዚያ መንደር ስም አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ፣ አንድ መስመር ላይ አለ። ከውሃው ትይዩ 2.6 ይላል። የሽማግሌው ሦስት ሰዓት ከሌሎቹ ጋር ተደምሮ፣ ተካፍሎ፣ 2.6 ሆኗል። ዱላው የለም። «ውሃው አልቀረበም» የሚለው የለም። እኔ አልጻፍኩትማ፤ ከየት ይመጣል?

ባለፈው ወር አስተርጓሚው ጋ ደወልኩ። አሁን የራሱ ልጆች አሉት። ሽማግሌው ደህና እንደሆኑ፣ ዓይናቸው ብቻ እንደደከመ ነገረኝ።

«ውሃውስ?» አልኩት።

«ያው ነው።»

ሪፖርቱን በቴሌግራም ላኩለት። ማታ መልሶ ደወለ። «እንግሊዝኛ ነው እኮ ወንድሜ። ለማን ላንብበው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ስለዚህ እኔ ወደ አማርኛ ልመልሰው፣ እሱ ወደ ራሳቸው ቋንቋ ሊመልሰው ተስማማን። ገጽ 11 ላይ ነኝ። በየማታው ሁለት ሦስት ገጽ እሠራለሁ። ሠንጠረዡ ጋ ስደርስ ከ2.6 ሥር፣ ሽማግሌው ያኔ ያሉትን በሙሉ እጨምርበታለሁ።

«ስትጨርስ ዛፉ ሥር ሰብስቤ አነብላቸዋለሁ» አለኝ። «አንተም ስልክ ላይ ትሆናለህ። የሚጠይቁህ ነገር ይኖራል።»

«እሺ።»

«የምትመልስላቸውን ደግሞ እቀዳዋለሁ።»

«ቅዳው» አልኩት።